ሁለት ጊዜ የጠፋ ልጅ

ጥቅምት 4 ቀን

ጥፋተኛው አንተ ነህ፣ የወንድሜ ልጅ። ሌላ ማንንም አልከስም። ኮምፒዩተራችሁንም አልከስም፤ እሱ ሥራውን ሠርቶ ነበር። ሰላምታውን ከታች ታገኘዋለህ። ዛሬ ከላይ ላስቀምጠው አልቻልኩም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከሥራ ስመለስ ነው። የሆቴሉን አንሶላ ስተኩስ ውዬ ክንዴ ዝሎ ነበር። ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ከዚያ ሌላ ነገር ይል እንደሆነ ብዬ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አላለም።

ስልክ ለምን እንደማላነሳ ጠይቀሃል። ስልኬ ጤነኛ ነው። በአፍ የተባለ ነገር ሲመች «አላልኩም» ይባላል፤ የጻፍከው ግን መሳቢያዬ ውስጥ ይቀመጣል። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅናዬ ነው፤ ጉልበቴ በማይገባበት የሕፃናት ዴስክ ላይ ተቀምጬ፣ መምህርቷ ከእኔ በዕድሜ ግማሽ ሆና። ያን ያህል የለፋሁበትን ነገር ልጠቀምበት። የምትለኝን ሁሉ ጻፈው። እኔም እጽፍልሃለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። በየከተማው ያለው የጠፉ ሰዎች መዝገብ ወደ አንድ ዳታቤዝ ሊገባ ነው ብለሃል። አንድ ሰው እናቱ እዚህ፣ ሚስቱ እዚያ አስመዝግበውት ሁለት ሆኖ ስለሚገኝ፣ ድግግሞሹ ተለይቶ መወገድ አለበት ብለሃል። ኮምፒዩተሩ ስምን ከስም፣ የአባትን ስም ከአባት ስም፣ ዕድሜን ከዕድሜ እያስተያየ ነጥብ ይሰጣል። ከፍተኛ ነጥብ ያገኙትን ራሱ ያዋሕዳቸዋል፣ መካከለኞቹን እናንተ ታዩአቸዋላችሁ፣ ዝቅተኞቹን ማንም አያያቸውም። እስከዚህ ገብቶኛል። ማስረዳት ታውቅበታለህ።

ታዲያ የእኔ ልጅና ያ ሞተ ያልከኝ ሰውዬ ያገኙት ነጥብ ዝቅተኛ ነው። የራስህ ቃል ነው። ስማቸው አንድ ነው፤ ያንን ስም የያዘ ወንድ ግን በየመንገዱ ሞልቷል። የአባታቸው ስም አይገጥምም። ዕድሜያቸው ይለያያል። በእኔ ፎርም ላይ «የሰውነት ምልክት» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ኮምፒዩተሩ ሁለት ሰዎች ናቸው ብሎ አልፎ ነበር። አንተ ግን ማንም የማያየውን ከፍተህ አየህ። የአባት ስም በሚለው ቦታ ላይ የአባቴን ስም አገኘህና «ይህ የልጁ አባት አይደለም፤ የእናቱ አባት ነው፤ የእኔም አያት ነው» አልክ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ካንተ በቀር ማንም የለም። ጠላት ዙሪያውን ቢዞር የማያገኘውን በር ዘመድ በጨለማም ያገኘዋል።

ያ ሰውዬ ድልድይ ሲሠራ ጎርፍ ወስዶት፣ ውሃው ከጎደለ በኋላ ተገኝቶ፣ ሚስቱ ቀብራዋለች። ነፍስ ይማር። የእኔ ልጅ ግን ጠፍቶ ነው ያለው። የጠፋና የሞተ አንድ ሰው ሊሆን አይችልም። የሟቹ ግራ ክንድ ላይ የካውያ ጠባሳ ነበር ብለሃል። የልጄ ክንድ ንጹሕ ነበር።

የላክኸውን የስምምነት ወረቀት አልፈርምም።

ለሚስትህና ለልጆችህ ሰላምታ አቅርብልኝ። ላንተ ለጊዜው የለኝም።

አክስትህ


ጥቅምት 17 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታ የለኝም ቢሉኝም የእኔ ይድረስዎ። ክንዴ ዝሎ ነበር ያሉትን ለሚስቴ ባነብላት አዘነች። ትኩስ ጨርቅ ያድርጉበት ብላለች፤ ለተኳሽ ትኩስ ነገር መምከር እንደማያስፈልግ ነግሬያታለሁ።

ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ ወሬውን ባደረስኩበት መንገድ ነው። እንዲህ ያለ ወሬ በፖስታ አይላክም። መጥቼ አጠገብዎ ቁጭ ብዬ ልነግርዎት ይገባ ነበር። ይህ የማጽዳት ሥራ እስኪያልቅ ግን ለማንም ፈቃድ የለም ተባልን።

ለምን ከፈትከው ብለዋል። በዚህ ዓመት ለቤተሰብ በሚላከው ደብዳቤ ላይ እንዲፈርሙ ከታዘዙት አንዱ እኔ ነኝ። የእርስዎ ደብዳቤ ተራው ደርሶ ጠረጴዛዬ ላይ መጣ። «ፍለጋው ቀጥሏል» ይላል። ከሥሩ ስሜን ከማኖሬ በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ የእውነት ልፈልገው አልኩ። የአባቱን ስም ትቼ በስሙ ብቻ ፈለግሁ። ብዙ ወንዶች መጡ። አንዱ የተወለደው እኛ ሰፈር ነው። ከዚያ በኋላ መዝጋት አልቻልኩም።

ስለ ክንዱ የጻፉትን አይቻለሁ። አክስቴ፣ ካውያው የወደቀ ቀን እኔም እዚያ ነበርኩ።

አሠራሩን በግልጽ ልንገርዎ። ነጥቡ ዝቅተኛ ስለሆነ ያለ እርስዎ ፊርማ ማዋሐድ አይፈቀድልኝም። ከፈረሙ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ፤ የሚቀረው ብዙ ነገር የተሞላው መዝገብ ነው፣ የእርስዎ ይወገዳል። ካልፈረሙ «የተለያዩ ሰዎች» የሚል ምልክት ይደረግባቸዋል። ያ ምልክት ከተደረገ ኮምፒዩተሩ ሁለቱን ዳግመኛ ጎን ለጎን አያመጣቸውም። እኔም ብሆን ልመልሰው አልችልም። ከሁለቱ አንዱ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ መወሰን አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሴት ልጅ ትቷል። ትምህርት ቤት ገብታለች።

የቀረውን ዝርዝር ስንገናኝ እነግርዎታለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 30 ቀን

የወንድሜ ልጅ፣

ለሰላምታህ ሰላምታ። ክንዴ ደህና ነው፤ ሚስትህ አትዘን።

አዎ፣ ያን ቀን ነበርክ። ባልዲ ውሃ ይዘህ የሮጥከውም አንተ ነህ፤ ግማሹን ደረጃው ላይ ደፍተህ። ንጹሕ ነበር ያልኩህ ተናድጄ ነው። ግን ካውያ የሚበላው የእኔን ልጅ ክንድ ብቻ ነው? እኛ ላውንደሪ ውስጥ ክንዷ ላይ ምልክት የሌላት ሴት ብትፈልግ አታገኝም። እኔ ራሴ ሁለት አለኝ። በጠባሳ ከሆነ በሉ ሁላችንንም አዋሕዱን፤ ለሆቴሉም በአንድ ሰው ደመወዝ እንመቸዋለን።

ስለ ዓመቱ ደብዳቤ ያልከኝን ሳነብ ሳቄ መጣ። ያንን ደብዳቤ ማን ያነብልኝ እንደነበር ታውቃለህ? ከበራችን ፊት ለፊት የሚቀመጠው ጫማ ሰፊ ነው። መዶሻውን አስቀምጦ፣ እጁን በሽርጡ ጠርጎ፣ ድምፁን እንደ ዳኛ አወፍሮ ያነባል። «ፍለጋው ቀጥሏል። አዲስ ነገር ሲገኝ እናሳውቃለን። በመጨረሻም የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች በሙሉ እንደምን ከርመዋል፣ አይዞዎት፣ ልጅዎን እንደ ልጃችን እንፈልገዋለን ይላሉ።» እኔም እነዚያን ሠራተኞች እዚያው ቆሜ እመርቃቸው ነበር። ያሳድጋችሁ፣ ክፉ አይንካችሁ እያልኩ። ምርቃቱ ደርሶህ ከሆነ መልስልኝ።

ፊደል ከለየሁ በኋላ የቆዩትን ደብዳቤዎች አውጥቼ ራሴ አነበብኳቸው። ፍለጋው ቀጥሏል። አዲስ ነገር ሲገኝ እናሳውቃለን። ማኅተም። አለቀ። አንዲት ሰላምታ የለባቸውም።

ሄጄ «አንተ ውሸታም! ያን ሁሉ ሰላምታ ከየት አምጥተህ ነው?» አልኩት።

«እሜቴ፣ ወረቀቱ ያን ሁሉ መንገድ በባዶ እግሩ መጥቶ ዝም ብዬ ልየው? ጫማ አደረግሁለት» አለኝ።

ለአንድ ክረምት አላናገርኩትም።

አሁን ሳስበው ግን ጫማ ሰፊው የዋሸኝ ሰላምታ ብቻ ነው። እናንተ የዋሻችሁኝ ፍለጋ ነው። ያ ሰውዬ ልጄ ነው ካልክ፣ በአንደኛው መሥሪያ ቤታችሁ ተቀብሮ በሌላው ሲፈለግ ኖሯል ማለት ነው። እኔም ደብዳቤው ሲዘገይ ፖስታ ቤት እየሄድኩ ሰው ሳስቸግር ኖሬአለሁ።

ለምን በአባቴ ስም እንዳስመዘገብኩት ለጠየቅከኝ፣ አባት የተባለው ሰው ሆዴ ሲገፋ አይቶ «የእኔ ላይሆን ይችላል» ብሎ የሄደ ነው። ልጁን ጀርባው ላይ አዝሎ ያሳደገው አባቴ ነው። ጸሐፊዋ «የአባት ስም?» ስትለኝ የማውቀውን አባት ነገርኳት። ልጄ ጎርምሶ ያንን ሰው ፍለጋ ሲሄድ፣ ስሙን ጭምር ወስዶ ይለብሰዋል ብዬ በምን ልወቅ?

ስለ ልጅቷ ምንም አልልም። የማላውቀው ሰው ልጅ ናት።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። ያንን ፎርም አሁን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ከአባት ስም ሥር የእናት ስም አለ፤ ከእሱ ሥር ዕድሜ። የሰውዬውን የአባት ስም ጻፍክልኝ፣ ዕድሜውንም ጻፍክልኝ። መሐል ያለውን ዘለልከው። እዚያ ላይ ማን ተጽፋለች?

አክስትህ


ኅዳር 14 ቀን

የወንድሜ ልጅ፣ እንደምን አለህ?

ደብዳቤህ ደረሰኝ። ረጅም ነው። ስለ ሚስትህ ጥርስ፣ ስለ ቢሯችሁ ጣሪያ ማፍሰስ፣ ኮምፒዩተሮቹን በላስቲክ ሸፍናችሁ ስለ መሥራታችሁ፣ ሁሉንም አነበብኩ። ሚስትህን ፈጣሪ ይማርልህ። የጠየቅኩህ ነገር ግን የለበትም። «በዚያ መስመር ላይ የጸሐፊ ስህተት ሊኖር ይችላል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ጥግ ላይ ተሸጉጣ አገኘሁ። ያልነገርከኝን ነገር ስህተት ነው ትለኛለህ?

አባትህም ልክ እንዲህ ነበር። ሳህን ሰብሮ ስለ ዝናቡ ያወራል። እናታችን «ዝናቡ ይቆየን፣ ሳህኑስ?» ትለው ነበር።

ኮምፒዩተሩ ለእናት ስም ነጥብ አይሰጥም ብለህ ጽፈሃል። ብዙ ፎርም ላይ ባዶ ስለሚሆን ከማስተያየቱ አስወጥታችሁታል። ይህን አንብቤ ካውያዬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ ትራስ ልብስ አቃጠልኩ። ዘጠኝ ወር የተሸከመችው ነጥብ የላትም፤ በር ዘግቶ የሄደው አለው። እሺ። ይህን ከእናንተ አልጠብቅም ልልህ አልችልም፤ ጠብቄው ነበር።

ስለዚህ በእኔ ዓይን ነገሩ ቀላል ነው። እዚያ መስመር ላይ የሌላ ሴት ስም ካለ እሰየው፤ ሰውዬው የእኔ ልጅ አይደለም ማለት ነው፤ ሁለታችንም እንተኛለን። የእኔ ስም ካለ ደግሞ ስምዎ አለ በለኝ። ከሁለት አንዱ ነው። ከዚያ ሌላ ምን ሊጻፍ ይችላል? «ሆድ ይፍጀው» ብለህ ከሆነ የተውከው፣ ሆድህ እዚያ ነው፤ የሚፋጀው እዚህ ነው።

ጻፈው።

አክስትህ


ኅዳር 26 ቀን

አክስቴ፣

እንደምን አሉ? ሳልመልስ በመቆየቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የእናት ስም በሚለው መስመር ላይ የእርስዎ ስም አለ፤ ከነአባትዎ ስም፣ አንድም ፊደል ሳይጎድል። ከጎኑ «በሕይወት የለችም» ይላል።

ያስመዘገበችው ሚስቱ ናት። በዚያ በወንዙ ከተማ የአውቶቡስ ትኬት ትቆርጣለች። የጸሐፊ ስህተት ይሆናል ብዬ ደወልኩላት። «ኧረ ስህተት አይደለም። ስንጋባ እናቴ ሞታለች አለኝ፤ ያለኝን ነው ያስጻፍኩት» አለች። እርስዎ በሕይወት እንዳሉ ነገርኳት። ከኋላዋ ሰዎች ለትኬት ሲጮኹባት ይሰማኛል። ከዚያ «ለልጄ አያትሽ ሞታለች ብዬ ነው ያሳደግኋት። አሁን ምን ልበላት?» አለችኝ።

የዘለልኩት ይህንን ነው። ሌላ የደበቅሁት የለም።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 1 ቀን

የወንድሜ ልጅ፣

አነበብኩት። ለሆቴሉ አሞኛል ብዬ ላክሁ። በዚያ ሥራ ላይ ስኖር አሞኛል ስል የመጀመሪያዬ ስለሆነ ኃላፊዋ ደንግጣ ሰው ላከችብኝ።

ለምን እንዲህ አለ ብለህ በሆድህ ሳትጠይቅ አልቀረህም፤ ከጨዋነትህ የተነሳ ነው ያልጻፍከው። እነግርሃለሁ። ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ «አባቴን ላገኘው ነው» ሲለኝ፣ «ከዚህ ወጥተህ እሱ ዘንድ ከሄድክ እናትህ ሞታለች በል!» አልኩት። አዎ፣ አልኩት። ተቆጥታ ይህን ያላለች እናት የት አለች? አጠገቤ ያለችው ጎረቤቴ በየሳምንቱ ትሞታለች፤ ልጆቿ ማታ ተሰብስበው መጥተው ራታቸውን ይበላሉ። እናት በንዴት ያለችውን ይዞ መሥሪያ ቤት የሚያደርስ ማን ታይቷል?

ልጅ ሳለ ሂድ ስለው ይቀመጣል፣ ተቀመጥ ስለው ይሄዳል። መብራቱን አጥፋ ለማለት ሦስቴ መጮህ ነበረብኝ። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ እንዳልኩት አደረገ። በል ያልኩትን አለ።

ጫማ ሰፊው በሬ ተከፍቶ ሲያየኝ «እሜቴ፣ ዛሬ አንሶላው ራሱን ይተኩሳል እንዴ?» አለኝ። ነገርኩት።

«ሞተሻል ማለት ነው?»

«በመዝገብ።»

«እንግዲያው ያን የቀኝ እግር ተረከዝ በከንቱ ነው የሰፋሁት። ሙታን ጫማ አያስጠግኑም» አለና ሊያስቀኝ ሞከረ። እኔ ሳልስቅ እሱ ዓይኑን በሽርጡ ጠረገ። ቀለም ነክቶት ነው አለ።

ከዚያ ተቀምጬ ነገራችሁን አገላብጬ አሰብኩት። አንድ ሰው ናቸው ብዬ ከፈረምኩ ያ መስመር ይታረማል፤ እኔ በሕይወት እመዘገባለሁ፣ እሱ ይሞታል። የተለያዩ ናቸው ካልኩ እሱ ጠፍቶ ይኖራል፣ እኔ በዚያኛው መዝገብ እንደሞትኩ እቀራለሁ፤ የሚያነሳኝም የለም። ሁለታችንን አብሮ የሚያኖር መዝገብ የላችሁም።

ካልሆነ እኔ ልሙት። ለምጄዋለሁ፤ እስከዛሬም ሳላውቀው ሞቼ ሥራዬን ስሠራ ነበር። የጠፋ ሰው አንድ ቀን ይመጣል። «የተለያዩ ሰዎች» የሚለውን ምልክት አድርግበት። ፍለጋው ቀጥሏል የሚለውን የዓመቱን ደብዳቤ ላክልኝ። ስምህንም ፈርምበት።

አክስትህ


ታኅሣሥ 9 ቀን

ለተከበሩ አክስቴ፣

ያዘዙኝን ላደርግ ጠዋት ገብቼ ተቀመጥኩ። ሁለቱን መዝገቦች ጎን ለጎን ከፈትኩ። «የተለያዩ ሰዎች» የሚለውን ስነካው ኮምፒዩተሩ ምክንያት ጠየቀኝ። ምክንያቱን በራስ ቃል መጻፍ አይቻልም፤ ከተዘጋጁት መርጦ ነው። የአባት ስም መለያየት የሚለውን መረጥኩ፤ የእናት ስም አንድ ስለሆነ አይበቃም ብሎ መለሰው። ለማስተያየት ነጥብ ያልሰጣት እናት፣ ለመለየት ሲሆን መንገድ ላይ ቆመችብኝ። አለቃዬን ጠራሁ። እሷም ሞከረች።

እንዲህ ላለ ጊዜ የሚቀበለው አንድ ምክንያት ብቻ ነው። «አስመዝጋቢዋ የዚህ ሰው እናት አለመሆኗን አረጋግጣለች» ይላል። ከሥሩ የእርስዎ ፊርማ ስካን ተደርጎ ይገባል።

ይህን ያለ ቃልዎ ማድረግ አልቻልኩም። ስለዚህ ምንም ሳልነካ ዘጋሁት። የማዋሐጃውንም የመለያውንም ወረቀት አብሬ ልኬአለሁ። የፈለጉትን ፈርመው ይመልሱልኝ። አንድ ናቸው ካሉ የአባትዎን ስም «ሌላ መጠሪያ» በሚለው ቦታ ላስገባ እችላለሁ። ምንም ቢመርጡ በክፉ አላይዎትም፤ እርስዎ እኔን በክፉ እንደማያዩኝ ግን አላውቅም።

ሚስቱ ደጋግማ ትደውላለች፤ በበጋው መጥተው መቃብሩን እንዲያዩም ጋብዛዎታለች። የምትጠይቀኝ ስለ መዝገቡ አይደለም። ስለ እርስዎ ነው፤ መልክዎ ምን ይመስላል፣ ብቻዎን ነው ወይ የሚኖሩት፣ ቁጡ ናቸው ወይ ትለኛለች። የመጨረሻውን አልመለስኩላትም።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 20 ቀን

የወንድሜ ልጅ፣ ሰላም ላንተ ይሁን። ዛሬ ከላይ አስቀመጥኩልህ።

ሁለቱ ወረቀቶች ጠረጴዛዬ ላይ ሰንብተዋል። መጀመሪያ ያነሳሁት ሁለተኛውን ነው። እስክሪብቶውን ይዤ፣ መምህርቷ እንዳስተማረችኝ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ አነበብኩት። የዚህ ሰው እናት አለመሆኗን አረጋግጣለች። ይህን ቃል አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከልጄ ላይ እጁን ያነሳው የመጀመሪያው ሰው ሆዴን እያየ ያለው ይህንኑ ነው፤ እሱ እንኳ «ላይሆን ይችላል» አለ እንጂ አላረጋገጠም። ሁለተኛዋ እኔ አልሆንም። ሞተም፣ ጠፋም፣ የማንንም ስም ለበሰም፣ የወለድኩት እኔ ነኝ።

ወረቀቱን ቀደድኩት። ለመሥሪያ ቤታችሁ መመለስ ካለበት ቀደደችው በላቸው።

የመጀመሪያውን ፈርሜ እዚህ ውስጥ አድርጌዋለሁ። በጣት አይደለም፤ በፊደል ነው፤ መስመሩን ትንሽ አልፏል። ሞቶ እንደነበር ከመጀመሪያው ደብዳቤህ ጀምሮ አውቄዋለሁ። ካውያ ያልከው ጊዜ አውቄዋለሁ። እናት አታውቅም ብለህ ነው?

የአባቱን ስም እንዳለ ተወው፤ ራሱ መርጦታል። የአባቴን ስም «ሌላ መጠሪያ» በሚለው ቦታ ላስገባ ያልከውን አስገባ፤ ሽማግሌው አይቆጣም፤ ልጁን ሲያዝለውም ስም አልጠየቀውም። እናት በሚለው ላይ ግን በሕይወት አለች ብለህ ጻፍ። አድራሻዋን ጻፍ። ሥራዋን የሚጠይቅ ቦታ ካለ ተኳሽ ብለህ ጻፍ፤ ከሌለ እንዲኖር ለአለቃህ ንገራት። ከመመዝገብህ በፊት ሁለት ጊዜ አንብበው። የእኔ መዝገብ ሲወገድ አንተ ራስህ አጥፋው፤ ለሌላ አትስጥ።

ሚስቱን፣ ቁጡ ናት በላት። የለም አትበል፤ መጥታ እንዳትደነግጥ። መቃብሩን ለማየት በበጋው እንድሄድ ጋብዛኛለች ብለሃል። እሄድ እንደሆነ አላውቅም። ልጅቷ ግን መጻፍ ከጀመረች ትጻፍልኝ። አያቴ ብላ መጀመር የለባትም፤ የወደደችውን ትበል። ፊደሏ ትልልቅ ቢሆን ይሻለኛል።

አንተን ይቅር ብዬህ እንደሆነ ትጠይቀኛለህ። አላልኩህም። ትክክል መሆንህ ጥፋትህን አያነሳልህም። ማንም በማያየው ቦታ ልጄን የፈለገው አንተ ብቻ መሆንህንም አልረሳም፤ ሁለቱም አብረው ይቀመጡ። ለእናንተ ባይመችም ለእኔ ይመቸኛል።

ላውንደሪው ውስጥ አንዲት አዲስ ሴት ገብታለች። ትናንት ትልቁን አንሶላ ጫፍና ጫፉን ይዘን ስናጥፍ «እትዬ፣ ልጅ አለዎት?» አለችኝ። ይህን ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፤ «አንድ አለኝ፣ መንገድ ላይ ነው» እላለሁ። ሰውም «በሰላም ያግባልዎ» ብሎ ያልፋል። አፌ ለዚያው ተከፍቶ ነበር። ዘጋሁት። «አንድ ነበረኝ» አልኳት። እሷም ወደ እኔ ቀረብ ብላ ጫፏን ሰጠችኝና አጠፍነው።

ከእንግዲህ መንገድ ላይ ነው አልልም።

አክስትህ